የወንጪ ደሴት፦ ታሪኩ፣ መስህቡና ያልተቋጩ ጥያቄዎቹ

ወንጪ ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ከወሊሶ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ ላይ፣ በቀድሞ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ሐይቅ ነው። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 2,880 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዙሪያውን የከበበው ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ 3,380 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሐይቁን የሚያየው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ በሰው አፍ እንደ አዲስ አበባው ሰፈር ሁሉ «ጨርቆስ» ይሆናል። ስለ ወንጪ የሚነሡ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ የጂኦሎጂ፣ የታሪክ፣ የቱሪዝም። ዞረው ዞረው ግን የሚገናኙት በዚህች ደሴት ላይ ነው፦ ውኃው መቼ ተኛ፣ ታቦቱ መቼ ገባ፣ ጎብኚው ሲመጣስ ማን ተጠቀመ።

ስፍራው በማን ድንበር ውስጥ ነው?

በዛሬው አስተዳደር ወንጪ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ይህ ዞን ግን ከምዕራብ ሸዋ ተከፍሎ የወጣ ስለሆነ፣ ቆየት ባሉ ጽሑፎች ሐይቁ «በምዕራብ ሸዋ» ተብሎ ቢገኝ ስሕተት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው የአውራጃ ዘመን አምቦ የጅባትና ሜጫ፣ ወሊሶ (በወቅቱ ስሟ ጊዮን) የጨቦና ጉራጌ አውራጃ ዋና ከተማ ነበሩ። የወንጪ ተራራ የቆመው በሁለቱ መካከል ነው። ይህ የድንበር ነገር ለታሪክ ጸሐፊ ተራ ዝርዝር አይደለም። ስለ አካባቢው መረጃ የሚፈልግ ሰው አንዱን ነገር በአምቦ በኩል፣ ሌላውን በወሊሶ በኩል እየለቀመ ማገጣጠም ይኖርበታል።

መንገዱም እንደዚሁ ሁለት ነው። ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል የሚመጣው ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከምዕራብ፣ ከነቀምት አቅጣጫ የሚመጣው ደግሞ ጌዶንና ጉደርን አልፎ አምቦ ይደርስና ወደ ደቡብ ታጥፎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህኛው መንገድ የመጣ ተጓዥ ወንጪን ብቻውን አያየውም። ከጌዶ ደንና በዚያው አቅጣጫ ካለው የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ከኦዳ ቢሲል፣ ከጉደር ፏፏቴ፣ ከአምቦ ፍልውኃና ከዳንዲ ሐይቅ ጋር በአንድ መስመር ያየዋል። በወሊሶ በኩል ለመጣው ግን ወንጪ የመንገዱ ማብቂያ ነው። አብዛኛው የጉብኝት ጽሑፍ የተጻፈው በወሊሶ በኩል በመጣው ሰው ዓይን ስለሆነ፣ ሐይቁ ከአካባቢው የተነጠለ ገጠመኝ ሆኖ ይቀርባል።

ከእሳት ወደ ውኃ

ወንጪና ጎረቤቱ ዳንዲ መንትያ ተራሮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱም የቆሙት ከአዲስ አበባ አጠገብ ካለው የረር ተራራ ተነሥቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል በሚዘረጋው የእሳተ ገሞራና የስንጥቅ መስመር ላይ ነው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርድ ይህኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣል። በ1930 እ.ኤ.አ. መታሸግ የጀመረው የአምቦ ውኃም፣ በከተማዋ ያለው ፍልውኃም፣ በወንጪ ሸለቆ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው የማዕድን ምንጭም የዚሁ መስመር ልጆች ናቸው።

ዳንዲ ከወንጪ ይሰፋል፤ አፉ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ያሉት ሁለት ሐይቆች በጠባብ ውኃ ተያይዘው የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይሠራሉ። መንትዮቹ የሚለያዩት በሚፈሱበት አቅጣጫ ነው። የዳንዲ ውኃ በሁሉቃ ወንዝ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። የወንጪ ግን በዋልጋ በኩል ወደ ግቤና ኦሞ ተፋሰስ ያቀናል። ሜዲትራንያን ባሕርና ቱርካና ሐይቅ የሚለያዩት በእነዚህ ሁለት ተራሮች መካከል ባለች ጥቂት መሬት ነው ማለት ነው።

ወንጪ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ ፈነዳ ለሚለው ጥያቄ ጥሩው ማስረጃ የተገኘው ከዳንዲ እንጂ ከራሱ ከወንጪ አይደለም። ተመራማሪዎች በዳንዲ ወለል ላይ ቱቦ እየሰደዱ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ደለል አውጥተዋል። እንዲህ ያለ ደለል ቱቦው ለሁለት ሲሰነጠቅ እንደ ተነባበረ ጨርቅ ይታያል፤ ጥቁር ጭቃ፣ ግራጫ ጭቃ፣ ከዚያ ድንገት ነጣ ያለ ጠጣር መስመር። ጭቃው ዝናብ ከዳገቱ ያጠበው አፈር ሲሆን፣ ጠጣሩ መስመር የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የዳንዲ ደለል የ12,000 ዓመት ያህል የዝናብና የድርቅ መዝገብ ሲሆን፣ በውስጡ ከሃያ በላይ የአመድ ንብርብሮች ተለይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የወረደው አመድ ከወንጪ ፍንዳታ ጋር ይያያዛል። በዚያን ጊዜ የዳንዲ ውኃ ለብዙ ዘመን መታወኩንም ደለሉ ያሳያል።

ከዚህ ላይ መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የፍንዳታው ዕድሜ የሐይቁ ዕድሜ አይደለም። ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ውኃ እስኪሞላው ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ 10,000 ዓመት ለሰው ታሪክ ሩቅ ቢሆንም ለእሳተ ገሞራ ሩቅ አይደለም። «የሞተ እሳተ ገሞራ» የሚለው ለጎብኚ የሚነገር አጠራር ለጂኦሎጂ ባለሙያ ብዙም አይጥመውም፤ የሚፈላው ምንጭ ከሥር ያለው ሙቀት ገና እንዳልበረደ ይመሰክራልና። እሳቱና መስህቡ አንድ መሆናቸው ደግሞ የወንጪ ብቻ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር ያለችው የሞንሰራት ደሴት እሳተ ገሞራ በ1995 እ.ኤ.አ. ነቅቶ ዋና ከተማዋን ፕሊመዝን ከቀበራት በኋላ፣ ዛሬ ወደ ደሴቲቱ የሚሄደው ጎብኚ ማየት የሚፈልገው የተቀበረችውን ከተማ ነው። ወንጪ እንዲህ ያለ የቅርብ ትዝታ የለውም። የአፈሩ ለምነት ግን የዚያው እሳት ውርስ ነው። እንሰቱም፣ ገብሱም፣ ድንቹም እስከ ውኃው ጠርዝ የሚወርደው በዚሁ አፈር ነው።

ማን መሠረተው?

የደሴቷን የቂርቆስ ገዳም ምሥረታ በተመለከተ ሁለት ትውፊቶች አሉ። አንደኛው መሥራቹን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያደርጋል፤ ዘመኑ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይሆናል። ሁለተኛው ለዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይሰጠዋል፤ ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን (ንጉሡ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ነው) ይሆናል። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። በጉብኝት መጻሕፍት ሁለቱ «አንዳንዶች እንዲህ፣ ሌሎች እንዲያ ይላሉ» ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጡና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን መመዘን አይደለም።

የተክለ ሃይማኖትን ትውፊት የሚያጠናክረው የአካባቢው መልክዐ ምድር ነው። በገድላቸው ዋና ቦታ ያለው የዳሞት ገዥ ሞተለሚ ነው። የያኔው ዳሞት ደግሞ የዛሬው የጎጃም ዳሞት ሳይሆን ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ ከሸዋ በስተ ምዕራብ የነበረው ሰፊ ግዛት ነው። ከሸዋ ወደ ዳሞት የሚሻገር ሰባኪ በዚህ ደጋ ማለፉ የማይመስል ነገር አይደለም። ደካማ ጎኑ ደግሞ የምንጩ ዘመን ነው። የገድሉ የታወቁት ቅጂዎች የተዘጋጁት ጻድቁ ካረፉ ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የገዳማቸው የደብረ ሊባኖስ ክብር በሸዋ ምድር ሁሉ ናኝቶ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን ራሱን ከታላቁ ጻድቅ ጋር ማያያዙ ለምእመኑም ለካህኑም ክብር ነው። ስለዚህ ትውፊቱ ከድርጊቱ ዘመን የወረደ ይሁን ከደብረ ሊባኖስ የዝና ዘመን የተወለደ፣ በቃል የሚነገረው ብቻውን አይለየውም።

የዘርዓ ያዕቆብ ትውፊት በተቃራኒው በዘመኑ አሠራር ይደገፋል። ዳሞት በዐፄ ዓምደ ጽዮን እጅ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መንግሥቱ በማዕከላዊ ሸዋ ተደላድሎ ነበር። ንጉሡ ደብረ ብርሃንን የመሠረቱ፣ ቤተ ክርስቲያን በማነጽና ሥርዓቷን በማጥበቅ የታወቁ ናቸው። የእርሳቸው ስም ግን በሌላ በኩል ይከብዳል። በሸዋ ውስጥ ጥንታዊነቱን ሊናገር የሚፈልግ ደብር የሚጠራቸው ነገሥታት ጥቂት ናቸው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ከፊተኞቹ አንዱ ናቸው። አንድ ስም በብዙ ቦታ ሲደጋገም ለእያንዳንዱ ቦታ ያለው የማስረጃ ክብደት ይቀንሳል።

ከሁለቱ አንዱን የግድ ከመምረጥ በፊት «መሠረተ» የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደሚል መጠየቅ ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አንድ ሰው አንድን ገዳም «መሠረተ» ሲባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ድርጊቶች ሊኖሩ ይችላሉ፦ መጀመሪያ በቦታው መጸለዩ ወይም መባረኩ፣ ታቦት ማስገባቱ፣ ሕንፃ ማሳነጹ፣ ወይም ጉልት ሰጥቶ ገዳሙን ማቋቋሙ። መነኩሴ የመጀመሪያውን ያደርጋል፤ ንጉሥ የመጨረሻውን። ይህ በደብረ ሊባኖስ በግልጽ ይታያል። ገዳሙን ያቋቋሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ ስሙ ያን ጊዜ ደብረ አስቦ ነበር። በ1445 እ.ኤ.አ. «ደብረ ሊባኖስ» ብለው የሰየሙት ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የሁለቱ ስም በአንድ ገዳም ላይ ተደራርቦ ይኖራል፤ የተጣሉ ግን አይደሉም። የወንጪ ሁለት ትውፊቶችም እንደ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ሳይሆን እንደ ሁለት ድርጊቶች ትዝታ ቢነበቡ፣ ከጉብኝት መጻሕፍቱ አነባበብ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያኑ ቋንቋ ይቀርባሉ። ይህ ግን የሚያስታርቅ ንባብ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። መደራረቡ በደብረ ሊባኖስ ስለሆነ በወንጪም ሆኗል ማለት አይቻልም።

ማረጋገጫ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለማየት ወሎ መሄድ ይበቃል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል ዘመኑ የታወቀ ነው፤ 1280/81 እ.ኤ.አ.። አንድ ዘመን የተጻፈበት ብራና፣ አንድ የጉልት ማስታወሻ በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚደረገውን ክርክር ከትውፊት አውጥቶ ወደ ታሪክ አሸጋግሮታል። ሕንፃ ይህን አያደርግም። የሸዋ ቤተ ክርስቲያናት በእንጨትና በጭቃ እየተሠሩ፣ በየትውልዱ እየታደሱ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮ እየለበሱ የመጡ ስለሆኑ፣ ዛሬ የሚታየው ግድግዳ የመሥራቹን ዘመን አይናገርም። ለጎብኚ «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን» ሲባል፣ የተባለው የቦታው ዕድሜ እንጂ የሕንፃው አለመሆኑ ቢገለጽ ጥሩ ነበር።

መጠሪያውም ቢሆን ብዙ አያግዝም። ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ ቅዱስ ነው፤ በስሙ የተተከሉ አብያተ ክርስቲያናት በመላ አገሪቱ አሉ። የጣና ቂርቆስ ደሴት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት አርፋበታለች የሚል ትውፊት ስላለው፣ ወንጪን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱን ደሴቶች በስማቸው ማያያዝ ይቀናዋል። ስም ግን ይዋሳል። የሐይቁንም ስም «ዋንጫ» ከሚለው ቃል ጋር ማያያዝ እንዲሁ ያጓጓል፤ ጉድጓዱ ዋንጫ ይመስላልና። የድምፅ መመሳሰል ከመነሻነት ያለፈ ማስረጃ አይሆንም።

የተሰወሩት ሦስት መቶ ዓመታት

ከመሥራቹ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የኢማም አሕመድ ጦር በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ካደረገ በኋላ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ደብረ ሊባኖስም አልዳነ። በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሜጫ ኦሮሞ ወደዚህ ምድር ገብቶ ሰፈረ። ኦዳ ቢሲል የሜጫ የገዳ ማዕከል የሆነው በዚያ ዘመን ነው፤ ሕጉም ከሕግ አውጪው ከመኮ ቢሊ ስም ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ የሸዋ መንግሥት ወደዚህ አካባቢ የተመለሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። በመካከሉ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት በደሴቷ ላይ ምን ነበረ?

ሊሰጡ የሚችሉት መልሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ቀጥሏል የሚለው ነው፤ ውኃው ጠበቀው። ሁለተኛው ገዳሙ ጠፍቶ ከምኒልክ ወዲህ እንደገና ተተከለ ይላል። ሦስተኛው መካከለኛ ነው፤ አገልግሎቱ እየተቋረጠ እየተቀጠለ፣ የቦታው ቅድስና ግን በአካባቢው ሰው ዘንድ ሳይረሳ ቆየ ይላል።

ለመጀመሪያው አቋም ትልቁ ድጋፍ የሚመጣው ከዝዋይ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የዛይ ሕዝብ እስከ ዛሬ አለ። በዙሪያው ኦሮምኛ ሲነገር እርሱ የራሱን ሴማዊ ቋንቋ ጠብቋል፤ በደሴቶቹ ላይ የተረፉ ብራናዎችም አሉ። ደሴት ሕዝብን፣ ቋንቋንና መጽሐፍን ለዘመናት ሊጠብቅ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ጣናም እንዲሁ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አስከሬኖች ያረፉበት ምክንያት አንዱ ይኸው የውኃ ጥበቃ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ አስከሬንም ከእነርሱ መካከል ነው፤ ወንጪን መሠረቱ የሚባሉት ንጉሥ ራሳቸው በደሴት ላይ ነው ያረፉት።

ንጽጽሩ ግን ከተጠጉት ይሳሳል። ዝዋይና ጣና ሰፋፊ ሐይቆች ናቸው፤ የወንጪ ደሴት ከዳርቻው ድምፅ የሚሰማበት ቅርበት ላይ ነው። በዝዋይ ደሴቶች ሰው እያረሰና ዓሣ እያጠመደ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ በወንጪ ግን ደሴቷ ትንሽ በመሆኗ አገልጋዩ የሚኖረው ከዳርቻው በሚመጣ እህል ነው። በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ እንደ ዛይ ተለይቶ የቀረ የደሴት ሕዝብ የለም። ስለዚህ ውኃው ብቻውን ጠበቀው ማለት ያስቸግራል። ቤተ ክርስቲያኑ ቆይቶ ከሆነ የቆየው ከዳርቻው ሰው ጋር ተስማምቶ ነው። ይህም ሁልጊዜ በማጥቃትና በመሸሸግ ከሚተረከው ታሪክ ይልቅ የሚያስደስት መላ ምት ነው። በኦሮሞ ባህል የውኃ ዳር የምስጋና ቦታ ነው፤ ኢሬቻ በመልካ፣ ማለትም በውኃ ዳር፣ ይከበራል። ለአንዱ ሐይቁ የታቦት አጥር፣ ለሌላው የዋቃ ምስጋና ስፍራ ቢሆን፣ ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ቦታውን ያከብሩታል። ሦስተኛው አቋም ሚዛን የሚደፋው በዚህ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያየው ገዳሙ በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በየብስ ይገባበታል። ውኃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ደሴት የነበረው ልሳነ ምድር ይሆናል። የወንጪ ደሴት በ13ኛውም በ15ኛውም ክፍለ ዘመን ዛሬ ባላት ስፋት ነበረች ብሎ መነሣት፣ ማስረጃ ሳይኖር አንድ እርምጃ መዝለል ነው። የዳንዲ ዓይነት ቁፋሮ በወንጪ ወለል ላይ ቢደረግና የሐይቁ ከፍታ በየዘመኑ ቢታወቅ፣ ለታሪክ ጸሐፊውም መልስ ይሆናል።

ከገዳም ወደ መስህብ

ገዳም ደሴትን የሚመርጠው ለመድረስ ስለሚያስቸግር ነው። መስህብ ደግሞ የሚለካው በመድረስ ቅለት ነው። ወንጪ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ ለውጡ በደረጃ ሊታይ ይችላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) ድጋፍ፣ የወንጪ ኢኮ ቱሪዝም ማኅበር ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር። የአካባቢው ነዋሪ አባል ሆኖ ይመዘገባል፤ ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ ጀልባ የሚቀዝፈው በመቅዘፊያው፣ ቋንቋ የሚችለው በአስጎብኚነት በተራ ይሠራል። ጎብኚው ዋጋውን ከበሩ ላይ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ለባለተራውና ለማኅበሩ ይከፋፈላል። የተራው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ዋናው ቁም ነገር ነው። ተራ በሌለበት መስህብ ላይ ጎብኚው ከመኪናው ሳይወርድ ሃያ ሰው ይከበዋል፤ የሚጠቀመው ጉልበተኛው ወይም ቋንቋ አዋቂው ብቻ ነው።

የጉዞው ቅደም ተከተል የተለመደ ነው። ከጫፉ ላይ ጧት ከሆነ ጉሙ ጉድጓዱን ሞልቶ ሐይቁ አይታይም። ፀሐይ ስትጠነክር ጉሙ እንደ ወተት አረፋ እየተቀደደ መጀመሪያ ደሴቷ፣ ቀጥሎ የውኃው ጥግ ብቅ ይላል። መንገዱ በአስታና በጥድ መካከል፣ ከዚያም በእንሰት ጓሮዎች ሥር ቁልቁል ይወርዳል። ፈረሱ ኮርቻው ወደ አንገቱ እንዳይንሸራተት ባለቤቱ ጅራቱ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ወደ ኋላ ያስረዋል፤ ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ የደረቱን ያጠብቃል። ከውኃው ዳር በጀልባ ወደ ደሴቷ ይሻገራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ታይቶ ወደ ማዶ በመዝለቅ ወደ ፍልውኃውና ወደ ፏፏቴው ሸለቆ ይኬዳል። ዙሩ በእግር ከሆነ ቀን ሙሉ ይፈጃል።

ከእነዚህ ሁሉ በጎብኚ ጽሑፎች የሚረሳው እንሰቱ ነው። ወንጪ በምዕራብ ሸዋና በጉራጌ ምድር መካከል በመሆኑ ገብስና እንሰት በአንድ ዳገት ላይ ይገናኛሉ። ግንዱ ሲፋቅ፣ ቆጮው በጉድጓድ በቅጠል ተሸፍኖ ሲብላላ፣ ቃጫው ሲለይ ማየት ከሐይቁ እይታ በምንም አያንስም። ፎቶ ግን አይሆንለትም።

ማኅበርና ፕሮጀክት

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም መጨረሻ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ኮይሻንና ወንጪን ሦስቱ የትኩረት ስፍራዎች ባደረገ ጊዜ ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው አንድ ገበታ በ5 እና በ10 ሚሊዮን ብር በተሸጠበት የእራት ግብዣና በሕዝብ መዋጮ ሲሆን፣ የታቀደው መጠን 3 ቢሊዮን ብር ነበር። የወንጪው ሥራ ጎረቤቱን ጨምሮ «ወንጪ–ዳንዲ» ተባለ። መንገድ፣ ሎጅና የመዝናኛ ስፍራዎች ተሠርተው በ2016 ዓ.ም ተመረቀ። በመካከሉ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት። ከኢትዮጵያ በተከታዩ ዓመት የጮቄ ተራራ ኢኮ መንደር፣ ከዚያ ቀጥሎ ሌጲስ ተመርጠዋል።

በሁለቱ አሠራሮች ዙሪያ ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ «ለማ» እና «ተበላሸ» በሚሉ ቃላት ይካሄዳል። ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን ሁለቱ ወገኖች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ፕሮጀክቱን የሚደግፉት ስለ አቅም ይናገራሉ። የፈረስ ማኅበር ብቻውን መንገድ አያስፋልትም፣ መጸዳጃና የመኝታ ክፍል አይሠራም። ጎብኚው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሲመጣ ለአካባቢው የሚተወው ገንዘብ የፈረስና የጀልባ ኪራይ ብቻ ነው፤ ካላደረ ገበሬው እንቁላሉንና ማሩን የሚሸጥለት አያገኝም። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። የሚጠራጠሩት ደግሞ ስለ ድርሻ ይናገራሉ። በሎጅ የሚያድረው እንግዳ የሚከፍለው ለሎጁ ነው፤ ጥሩ መንገድ ሲገባ የፈረስ ፍላጎት ይቀንሳል፤ በጋራ ይተዳደር የነበረው በር የሌላ ይሆናል። ይህም ቢሆን ባዶ ስጋት አይደለም። በየአገሩ የገጠር ቱሪዝም የሄደበት መንገድ ነው።

ሁለቱም የማያነሡት ነጥብ ግን አለ። የማኅበሩ አሠራር ጠንካራ የነበረው ጎብኚው ጥቂት ስለነበረ ጭምር ነው። ተራ የሚሠራው ባለተራው ከጎብኚው በማይበዛበት ወይም በማያንስበት ልክ ነው። ጎብኚው አሥር እጥፍ ሲሆን፣ ፕሮጀክት ባይመጣም እንኳ፣ የቀድሞው ሥርዓት እንዳለ ይቀጥላል ማለት አይቻልም ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ማኅበር ወይስ ፕሮጀክት ሳይሆን፣ በአዲሱ አሠራር ውስጥ የፈረሱ ባለቤት ልጅ በምን ስም ይቀመጣል፤ ተቀጣሪ፣ አባል ወይስ ባለ አክሲዮን? መልሱ በአደባባይ የሚታወቀው የሥራ ክፍፍሉ በዝርዝር ሲወጣ ነው።

ያላለቁ ነጥቦች

የመጀመሪያው የውኃው ጤና ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ ግን እምቦጭ ዳርቻውን ወርሶታል። ማዕረግ ውኃን አይጠብቅም። ወንጪ ደጋ በመሆኑ የጣና ዓይነት ችግር በቀላሉ አይደርስበት ይሆናል፤ ግን ጉድጓድ ነው። ከዳገቱ የታረሰ አፈር፣ ከእርሻው የፈሰሰ ማዳበሪያ፣ ከሎጁ የወጣ ቆሻሻ ሁሉ መውረጃው አንድ ነው። የደለሉ መዝገብ በዳንዲ ላይ እንዳሳየው ዳገቱ ላይ የሆነው ሁሉ መጨረሻው ከሥር ይቀመጣል።

ሁለተኛው ስንት ሰው በደሴቷ ላይ ሊያርፍ ይችላል የሚለው ነው። በአየርላንድ ዳርቻ ያለው የስኬሊግ ማይክል ደሴት ገዳም የዓለም ቅርስ ነው፤ ወደዚያ በየቀኑ የሚወጡት ጎብኚዎች ቁጥር በፈቃድ የተገደበ ነው። ያ ገዳም ግን መነኩሴ ካጣ ዘመን አልፎታል። የወንጪ ደሴት ታቦት ያለበት ሕያው ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ጥያቄው ይከብዳል። ቁጥር ሲወሰን ማን ይቀነሳል?

ይህም ወደ ሦስተኛው ያደርሳል፤ ወደ ደሴቷ የሚሻገረው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው ከመስቀል በኋላ፣ ዳገቱ አረንጓዴ መንገዱም ደረቅ በሆነበት ወራት ነው። በዞኑ የጸጥታ ችግር ሲበረታ ጉዞው ይቋረጣል፤ ሲረግብ ይመለሳል። ምእመኑ የሚከተለው ሌላ ቀን መቁጠሪያ ነው። ወርኃዊው የቂርቆስ በዓል በየወሩ 15 ቀን፣ ታላቁ ጥር 15 ነው፤ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑንና እናቱን ከሚፈላው ጋን ያዳነበት መታሰቢያ ደግሞ ሐምሌ 19 ነው። በጥር ሁለቱ በአንድ ጀልባ ይገናኛሉ። በሐምሌ፣ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ሲውልና ሎጁ ቀዝቀዝ ሲል፣ ዳገቱን በጭቃ የሚወርደው ነጠላ የለበሰው ብቻ ነው። የቱሪዝም መዝገብ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው። የሁለተኛው ቁጥር በየትኛውም የጎብኚ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ጀልባው ግን ሁለቱንም ያሻግራል።